ቃሉን አትንጠቁን፣ ፊደሉን ጠቁሙን

ለተከበራችሁ የጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፦

ቅዳሜ ቅዳሜ ጋዜጣችሁን የምታነብልኝ የልጄ ልጅ ናት። መነጽሬን ካደረግኩ ራሴም አነባለሁ፤ ግን እሷ ስታነብ እኔ ቡና እያፈላሁ መስማቱን ለምደነዋል። ከሦስት ሳምንት በፊት በጤና ዓምዳችሁ የወጣውን ጽሑፍ ስታነብልኝ ጀበናው ገንፍሎ እሳቱን እስኪያጠፋው ድረስ ሳላየው ቀረሁ። ርዕሱ፣ በዕድሜ የገፋ ሰው ቃል ከጠፋው የመርሳት በሽታ ጀምሮታል የሚል ነበር። ዝርዝሩ ከርዕሱ የተሻለ ነው፤ እሱን አልክድም። ሰው ግን ይዞ የሚሄደው ርዕሱን ነው። በሳምንቱ የዕድራችን ሴቶች ስንገናኝ ሌላ ወሬ አልነበረንም። አንዷ ጎረቤቴ በሰው ፊት ቃል ጠፍቷት እንዳታፍር ከዚያ ቀን ወዲህ በለቅሶም በማኅበርም ዝም ብላ መቀመጥን እንደ መረጠች በጆሮዬ ነገረችኝ። ይህን ደብዳቤ የምጽፈው ስለ እሷ ነው፤ ስለ ራሴም ነው።

ሰባኛ ዓመቴን ደፍኛለሁ። በ1967 ዓ.ም. በሃያ ዓመቴ ጎጃም ውስጥ በምትገኝ አንዲት ከተማ የስልክ ኦፕሬተር ሆኜ ተቀጠርኩ። የዛሬ ልጆች አያውቁትም እንጂ ያኔ ሰውን ከሰው የምናገናኘው እኛ ነበርን። ከፊቴ ባለ ብዙ ቀዳዳ ሰሌዳ ቆሟል፤ ከእያንዳንዱ ቀዳዳ በላይ ትንሽ የብረት ክዳን አለች። ደንበኛው ቤቱ ሆኖ የስልኩን እጀታ ሲያሽከረክር የእሱ ክዳን ቀጭ ብላ ትወድቃለች። እኔም ገመዴን ሰክቼ «ማዞሪያ» እላለሁ። የደንበኞቹን ቁጥር በቃሌ አውቅ ነበር፤ ድምፃቸውንም እንደዚያው። ሰውየው ገና «ሃሎ» ሲል ማን እንደሆነ፣ ከማን ጋር መነጋገር እንደሚፈልግ፣ አንዳንዴም ደስታ ይሁን መርዶ ይዞ እንደሆነ ይገባኝ ነበር። ስለዚህ ስለ ቃልና ስለ ስም ስናገር ዕድሜዬን ሙሉ የኖርኩበትን ሙያ እየተናገርኩ ነው።

አሁን የሆነውን ልንገራችሁ። ዓምና ለፋሲካ ዋዜማ መብራት ጠፋ። ሊጡ ኩፍ ብሎ ሊፈስስ ደርሷል። በኤሌክትሪክ ምጣድ መጋገር ስላልተቻለ ጓሮ ወዳለው ማድ ቤት ገብቼ እንጨት አነደድኩ፤ የድሮውን ምጣድ ጣድኩ፤ በጎመን ዘር አሰስኩት፤ ሊጡን አዞርኩ። እንጀራው ዓይን ማውጣት ሲጀምር ቶሎ መከደን አለበት። እጄን ወደ ኋላ ዘርግቼ «ያንን አምጪልኝ» አልኳት የልጄን ልጅ። «ምኑን፣ እማማ?» አለችኝ። «ያንን… ያንን የምጣዱን እንትን!» ማሰሻውን አቀበለችኝ። «እሱን አይደለም።» ሰፌድ አመጣች። የእንጀራው ጠርዝ መነሣት ጀመረ። በመጨረሻ ራሴ ተነሥቼ ከጥግ አመጣሁት። ከጭቃና ከእበት የተሠራ፣ በጢስ የጠቆረ፣ አናቱ ላይ መያዣ ያለው ነው፤ እናቴ እንዲህ ያለውን በእጇ ሠርታ ፀሐይ ላይ ስታደርቀው ትናንት ይመስል ትዝ ይለኛል። ሙቀቱን በመዳፌ እየተሰማኝ፣ ክብደቱን እያወቅኩ ስሙ አልመጣ አለኝ። የመጀመሪያው ፊደል እንኳ አልታየኝም፤ በነበረበት ቦታ ባዶ ነው። ከሁለት ቀን በኋላ ለቀሚስ ጠርዝ መርፌ ላይ ክር ሳስገባ፣ ምንም ሳላስበው፣ ከአፌ ወጣ፦ አክንባሎ!

ያን ዕለት ማታ ፈራሁ። አክንባሎን የረሳች ሴት ነገ የልጆቿን ስም ትረሳለች ብዬ አሰብኩ። የልጄ ልጅ የሕክምና ተማሪ ናት። ከተማረችውም ከምታነበውም እያመጣች ቁጭ ብላ ታስረዳኝ ጀመር፤ እኔ ደግሞ የሰማሁትን በራሴ ሙያ እየተረጎምኩ ያዝኩት።

በእኛ ከተማ ውስጥ ሰውን ለማግኘት መንገዱ ብዙ ነበር። የአንዱ ነጋዴ ስልክ ቢበላሽ ከጎኑ ላለው ሱቅ እደውልና ልጅ ይላክበት ነበር። ወደ አዲስ አበባ ግን በእንጨት ምሰሶ ላይ የተዘረጋ አንድ መስመር ብቻ ነው ያለን። ክረምት ገብቶ ምሰሶ ሲወድቅ ወይም ሽቦው ሲረግብ የዚያኛው ሰው ድምፅ ይቀጥናል፣ ይቆራረጣል፣ ይጠፋል። ሰውየው ግን ቤቱ ተቀምጧል፤ አልሞተም፣ አገርም አልለቀቀም። የቃልም ነገር እንዲሁ ነው። አክንባሎ በውስጤ ከምጣዱ፣ ከእንጀራው፣ ከጢሱ፣ ከእናቴ እጅ ጋር በብዙ ክር ታስሯል። ከዕቃው ሐሳብ ወደ ስሙ ድምፅ የሚሄደው መስመር ግን አንድ ነጠላ ሽቦ ነው። ያ ዕቃ «አክንባሎ» ተብሎ እንዲጠራ የሚያስገድድ ከመልኩም ከሥራውም የሚገኝ ምክንያት የለም። አንዱ ሽቦ ከረገበ በሌላ በኩል ዞሮ መድረስ አይቻልም።

ይህን ያስተዋሉት በአሜሪካ ይሠሩ የነበሩት ተመራማሪዎች ዲቦራ በርክ፣ ዶናልድ ማኬይና ባልደረቦቻቸው ናቸው። እ.ኤ.አ. በ1991 ባሳተሙት ጥናት ወጣቶችና አረጋውያን ቃል በጠፋባቸው ቁጥር ለአራት ሳምንት በማስታወሻ እንዲመዘግቡ አደረጉ። አረጋውያኑ በዝተው ተገኙ። መስመሩን የሚያረግቡት ሦስት ነገሮች ናቸው ብለው አስረዱ፦ ቃሉን አዘውትሮ አለመጠቀም፣ በቅርብ ጊዜ አለመጠቀምና ዕድሜ። እኔ ላይ ሦስቱም ተገናኝተዋል። የኤሌክትሪክ ምጣድ ቤታችን ከገባ ወዲህ የእሱን መሸፈኛ «ክዳን» ነው የምንለው። አክንባሎ የሚለውን ቃል ለብዙ ዓመት አልጠራሁትም። ያ ባዶነትም የእኔ ብቻ አይደለም። ወጣት ቃል ሲጠፋው ብዙ ጊዜ የቃሉ ጫፍ ወይም የሚመስለው ሌላ ቃል ይመጣለታል፤ ለአረጋዊ ግን ይህም ይቀንሳል። የእኛ ዝምታ ከእነሱ ይልቅ የሚያስፈራው ለዚህ ይመስለኛል፤ የምንይዘው ቁራጭ የለንም። እ.ኤ.አ. በ2007 በእንግሊዝ አገር የተደረገ ጥናት ደግሞ ኢንሱላ የሚባለው የአንጎል ክፍል በዕድሜ ሲሳሳ ይህ ችግር እንደሚበረታ አሳይቷል። ድምፅን አቀነባብሮ ወደ አፍ በማድረስ ረገድ ይህ ክፍል ድርሻ አለው።

ቃላቱ ራሳቸው ግን አልጠፉም። የቃላት ዕውቀት ስድሳ ዓመት ካለፈም በኋላ ሲቆይ፣ እንዲያውም ሲጨምር የሚታይ ነገር ነው። የልጄ ልጅ «አክንባሎ ምንድነው?» ተብላ ብትጠየቅ ያን ዕለት መልስ አልነበራትም። እኔ ግን ስሙን ብትነግሩኝ ከየትኛው አፈር እንደሚሠራ ጭምር አስረዳለሁ። ቲሞቲ ሶልትሃውስ የሚባሉ ተመራማሪና ባልደረባቸው እ.ኤ.አ. በ2013 ባወጡት ጥናት ከ18 እስከ 99 ዓመት የሆናቸውን ከ700 በላይ ሰዎች ፈትነው፣ ቃል ምላስ ጫፍ ላይ መቅረቱ ከዕድሜ ጋር ቢጨምርም የመርሳት በሽታ ከሚያጠቃው የማስታወስ ዓይነት መድከም ጋር አብሮ የሚሄድ እንዳልሆነ አገኙ። ከርዕሳችሁ ሥር መጻፍ የነበረበት ይህ ነበር።

ከሁሉ የሚብሰው የሰው ስም ነው። ዘንድሮ በአንድ ለቅሶ ቤት ከሠላሳ ዓመት ጎረቤቴ ጋር ፊት ለፊት ተገናኘን። የልጆቿን ቁጥር፣ የባሏን ሥራ፣ በየትኛው ዓመት ቤቷን እንዳሠራች አውቃለሁ። ስሟን ግን አጣሁት። «እንደምን ከረምሽ የእኔ እመቤት» ብዬ አለፍኩና ድንኳኑ ውስጥ ተቀምጬ በልቤ ሀ ብዬ ጀመርኩ። ሀ፣ ለ፣ ሐ፣ መ እያልኩ፣ በእያንዳንዱ ላይ ትንሽ እየቆየሁ፣ ወ ላይ ደረስኩ። ከንፈሬ ለወ ክብ ሲሆን ስሟ ተከትሎ ወጣ። ተነሥቼ ሄጄ በስሟ ጠራኋት። ምክንያቱን ሳትጠይቅ እጄን ይዛ ስታቆየኝ ልቤ ተነካ።

የፈረንጆቹ አንድ ጥናት ሰዎች የማያውቁትን ሰው ፎቶ እያዩ «ይህ ጋጋሪ ነው» ከተባሉ እንደሚያስታውሱ፣ «ስሙ ጋጋሪ ነው» ከተባሉ ግን ቃሉ ያው ሆኖ ሳለ እንደሚጠፋቸው ይናገራል። ሙያ ሲባል ዱቄቱም ምድጃውም አብሮ ይመጣል፤ ስም ሲሆን ብቻውን ነው። የእኛ አገር ስም ሁሉ ትርጉም አለው እንባላለን፤ እውነት ነው። ነገር ግን አበበ ብለን ስንጣራ አበባ የሚታየው ማነው? ስም ሆኖ ከቆየ ትርጉሙ ይተኛል።

ሀ ሁ ብዬ የቆጠርኩት በልማድ ነበር፤ ለካ መሠረት አለው። ቃል ለጠፋበት ሰው የቃሉን ትርጉም ደጋግሞ ማስረዳት አይጠቅመውም፣ ትርጉሙን ያውቀዋልና። የሚጠቅመው የቃሉ የመጀመሪያ ክፍለ ቃል (ተነባቢና አናባቢ አብረው የሚወጡበት የቃሉ ቁራጭ) ድምፅ መሆኑን ሊስ አብራምስ የተባሉ ተመራማሪና ባልደረቦቻቸው እ.ኤ.አ. በ2003 አሳይተዋል። የመጀመሪያው ፊደል ድምፅ ብቻውን ያን ያህል አይረዳም፤ ክፍለ ቃሉ ነው የሚረዳው። የላቲን ፊደል አንዱ ሆሄ ድምፁን ከፍሎ የሚይዝ ስለሆነ ለፈረንጁ ይህ ሁለት የተለያየ ነገር ነው። የእኛ ፊደል ግን ተነባቢውን ከአናባቢው ጋር አዋሕዶ አንድ ሆሄ ላይ ያስቀምጠዋል። ለአማርኛ ተናጋሪ ፊደሏን መጠቆም አብዛኛውን ጊዜ ክፍለ ቃሉን ወይም መነሻውን ከነአናባቢው መጠቆም ነው። የኔታ ያስቆጠሩን ነገር በእርጅና እንዲህ ሊረዳን ይችላል ብዬ አስቤ አላውቅም ነበር።

ወደ ቅሬታዬ ልምጣ። ባለፈው ጥቅምት ለደም ግፊት ክትትል ሐኪም ዘንድ ሄድኩ። ሁለቱም እግሮቼ ካበጡ ሁለት ሳምንት ሆኗቸዋል። ልጄ አብራኝ አለች። ወጣቱ ባለሙያ ምን እንደሚሰማኝ ሲጠይቀኝ «እዚህ… እንትኔ ላይ ያብጠኛል» አልኩት። ቁርጭምጭሚት የሚለው ቃል ጠፋኝ። እጄ ቁርጭምጭሚቴ ላይ ነው፤ ጎንበስ ብዬ ይዤዋለሁ። እሱ ግን ከእግሬ ይልቅ ፊቴን አየና ወደ ልጄ ዞሮ «መርሳት ከጀመራቸው ቆየ?» አላት። ከዚያ በኋላ ያለው ንግግር ሁሉ በእኔ ራስ ላይ አልፎ በሁለቱ መካከል ሆነ። ልጄ ደነገጠች፣ እኔ ዝም አልኩ፣ እግሬ ሳይታይ ወደ ቤት ተመለስን። ከወር በኋላ ሌላ ቦታ ያየችኝ ሐኪም ጣቷን እብጠቱ ላይ ተጭና የጎደጎደውን አየች፤ የምወስደውን መድኃኒት ጠየቀች፤ አምሎዲፒን መሆኑን ስትሰማ፣ መድኃኒቱ በአንዳንድ ሰው ላይ እንዲህ ዓይነት እብጠት እንደሚያመጣ ነግራኝ ቀየረችልኝ። በሁለት ሳምንት እግሬ ወደ ልኩ ተመለሰ። አንድ ቃል ስለጠፋኝ አንድ ወር በእብጠት ተንገላታሁ።

ያቺ ሐኪም የቃሉንም ነገር አላቃለለችውም፤ ይህን የምጽፈው ሌሎች እንዲጠቀሙበት ነው። የጆሮዬን የመስማት ኃይል አስለካች፤ የቫይታሚን ቢ 12 እና የታይሮይድ ምርመራ አዘዘች፤ እንቅልፌንና ኀዘኔን ጠየቀች፤ እነዚህ ሁሉ፣ አንዳንድ መድኃኒቶችም፣ ቃል ሊያዘገዩ ይችላሉ። ግራ ጆሮዬ ደክሟል፤ ሌላው ደህና ነው። ከዚያም ለልጄ ምን ሲሆን መስጋት እንዳለባት ነገረቻት። የዕቃው ስም ሳይሆን ዕቃው ለምን እንደሚሠራ ከጠፋኝ፣ ሰፈሬ ውስጥ መንገድ ከሳትኩ፣ የጠየቅኩትን በደቂቃዎች ውስጥ መልሼ መላልሼ ከጠየቅኩ፣ ወይም የሚያውቁኝ ሰዎች በወራት ውስጥ ጠባዬ ሲለወጥ ካዩ እንድታመጣኝ። ንግግር በድንገት ከጠፋ፣ አፍ ከተጣመመ፣ አንድ እጅ ከዛለ ግን ነገ አይባልም፤ በዚያው ሰዓት ሆስፒታል ነው።

ሌላም ከሐኪሞቻችንና ከሥነ ልቦና ባለሙያዎቻችን የምጠብቀው አለ። በእንግሊዝኛ ተናጋሪ አገሮች ቃል ማግኘትን ለመለካት በሰፊው የሚሠራበት፣ እ.ኤ.አ. በ1983 የታተመ የ60 ሥዕሎች ፈተና እንዳለ የልጄ ልጅ አሳየችኝ። ቢቨር የሚባል የወንዝ አውሬ፣ ፕሬትዝል የሚባል ቂጣ፣ ከበረዶ የሚሠራ ቤት አሉበት። በዚህ ብፈተን ቃል የጠፋኝ እመስላለሁ፤ እኔ ግን መጀመሪያውኑ አላውቃቸውም። የኢትዮጵያ እናት ስትፈተን ዘነዘና፣ እንስራ፣ ወንፊት፣ ቀንበር፣ እርካብ ይቅረብላት። አክንባሎም ይግባ፤ ብሳሳትም በራሴ ቃል ልሳሳት።

ለቤተሰብ የምለው ይህ ነው። ቃል ስንፈልግ አቋርጣችሁ የራሳችሁን ግምት አትደርድሩብን፤ ሦስት የተሳሳተ ቃል ሲወረወርብን የያዝነው ይበተናል። እስኪመጣ ድረስ ስንታገል ቁጭ ብላችሁ ማየትም ጥሩ አይደለም። የካናዳዋ ተመራማሪ ካሪን ሃምፍሪስና ባልደረባቸው እ.ኤ.አ. በ2008 እንዳሳዩት፣ ሰው በፍለጋው ውስጥ ብዙ በቆየ ቁጥር በሌላ ጊዜ እዚያው ቃል ላይ መልሶ የመቆሙ ዕድል ይጨምራል፤ አእምሮ መሳቱን ራሱን ይለማመደዋልና። ስለዚህ ጥቂት ጠብቁን፤ ካልመጣ ፊደሏን ጠቁሙን፤ ቃሉን ራሳችን እናውጣው። እኛ ቤት አሁን የምንኖረው በዚህ ነው። የልጄ ልጅ «ቁ» ትለኛለች፣ እኔ ቁርጭምጭሚት እላለሁ። አባቷ ስልክ ላይ «ያንን እንትን ለእንትና ስጠው» ሲልም እሱንም እንዲሁ እናደርገዋለን። እሱ አርባ አምስት ዓመቱ ነው፤ እስከ ዛሬ ጃጀ ያለው ሰው የለም።

ያቺ ዝምታን የመረጠችው ጎረቤቴ ባለፈው እሑድ ቡና ልትጠጣ መጣች። አቦሉን ቀድተን ስለ ሠርጓ አነሣሁባት። ስንት በቅሎ እንደ መጣ፣ ሚዜዎቹ ምን እንደ ለበሱ ነገረችኝና የሙሽራው ሽማግሌዎች ያቀረቡት ነገር ላይ ስትደርስ ቆመች። እጇ በአየር ላይ ቀረ፤ ዓይኗ ወደ በሩ ሸሸ። ትንሽ ጠበቅኳትና «ጥ» አልኳት።

«ጥሎሽ!» አለች። ከፈይ ካባ እንደነበረበት፣ አንደኛው አምባር ሰፍቷት ክር እንደ ጠመጠመችበት፣ እናቷ በመጋረጃው ቀዳዳ እያየች እንዳለቀሰች እስከ በረካው ድረስ አወራችልኝ።

ከአክብሮት ጋር፣
ጡረተኛ የስልክ ኦፕሬተር፣ ከአዲስ አበባ